መጥበሻ የምትመስለው ግዛት

አሜሪካን ሣለች መምህርት ፈቲያ፣
ወለሉ ላይ፤ ሜይን በሩ ሥር፣ ጥጉ ካሊፎርኒያ።
ጣሪያችን ያፈሳል፤ ሰኔ ነው፣ ጅማ ነው፤
የኔቫዳ በረሃ ኩሬ ያየው ዛሬ ነው።

«ሚስራ፣ ቴክሳስ ቁሚ፤ ሰፊ ነው፣ ዘና በይ፤
ነስሩ፣ ሮድ አይላንድ ባንድ እግርህ ቁም፤ ወይ
ጫማህን አውልቅ፤ ጭቃህ ያጠፋታል።»
ኢብሳ ብቻ ራቅ ብሎ ቁጢጥ እንዳለ ያያል፦

«ይቺ ባለ እጀታ፣ መጥበሻ መሳይዋ?»
«ኦክላሆማ ናት» አለች፤ ቀነሰ ድምጿ።
«ያ የእርሻ ትምህርት ቤት እዚሁ ሲከፈት፣
ከዚች ነበር አሉ መምህር የመጣለት።
ስሟ በቾክታው ቋንቋ ‹ቀይ ሕዝብ› ነው ፍቺው፤
ቃሉን ይዘው የመጡት ካገር ተነቅለው፣
በብርድ ተነድተው፣
ስንቱን መንገድ ላይ ቀብረው።»

«መስመሩንስ ማን ሠራው? እነሱ ናቸው ወይ?»
ፈቲያ ጠመኔዋን አገላብጣ ስታይ
ደወሉ አዳናት።

ሌላው ሃያ ግዛት ረግጦ እየሮጠ ወጣ፤
ኢብሳ ዳር ዳሩን ሄደ፣ የሰው ደጅ እንደመጣ።
ጫማው ሥር ግን ትንሽ ካንሳስ፣ ነጭ ዱቄት፣ ይዞ፣
አዌቱ ድልድይ ላይ ቆመ፤ አጎነበሰ ተክዞ፦

«አንተንስ» አለው ወንዙን፣
«ማን ነው መጀመሪያ የጠራህ?»