ስርዙ ይነበብ

ጎሪዝያ ከተማ፣ ከድንበሩ አጠገብ፣
ቦራ የሚሉት ንፋስ መስኮት ሲደበድብ፣
ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የኛ ቤተ መዝገብ።

የማኅተሙ መሳቢያ ቁልፉ ካንገቷ ነው፤
ወይዘሮ ኦርሶላ ለምሳም ስትወጣ አብሯት የሚወጣው።
«ማኅተም እንደ ጥርስ ነው፣ ለሰው አይዋስም፤
እናቴም ብትመጣ፣ ለእናቴ አላትምም፤
ማዶ ወዳለው ትሂድ፤ ዳኛና ዘመድ ባንድ ወንበር አይቀመጥም።»

ሥራ የገባሁ ለት፣ ከገጹ ግርጌ ላይ
አራት መስመር ያህል ክፍት ትቼ ብታይ፣
ብዕሯን አነሣች፤ በሰያፍ ዘጋችበት።
«ባዶ ቦታ ማለት በር ያልተዘጋበት፣
የሌሊት እንግዳ ቃል የሚያስገባበት።»

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል
ብዬ ያገሬን ተረት እንደሆነልኝ ተረጎምኩላት።
ሳቀች። «ቤትም» አለች፣ «ይወረሳል፤
እኛ የተቀመጥነው እዚያ ነው፣ ከሁለቱ መሐል።»

የካቲት ነበረ። ልጅ አባቱን ደግፎ፣
ቤቱን የሚያዛውር ውል አስጽፎ፣ አጥፎ፣
«እሱ ይፈርም» አለ፣ «የሚነገረውን እኔ እናገራለሁ።»
መታወቂያውን አየች፤ ፊቱን፤ እንደገና መታወቂያውን፤
ኤርማኖ ብሬሳን፣ ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ ጊዜው አለማለፉን፤
ከዚያ ለልጁ በጣቷ አሳየችው ኮሪደሩን።

በሩ ተዘጋ።
«ዛሬ ምን ሊፈርሙ መጡ?»
«የውሻዬን ክትባት፤ ልጄ ነው የነገረኝ።»
«ቤትዎስ?» «ቤቴማ አለ፤ እዚያው ነው፤ ማን ነቅሎ ይወስድብኝ!»

ብዕሩን ከደነች።
ልጁ ጠረጴዛ መታ። «ከፍለናል እኮ!» አለ።
«ገንዘብህ ይኸውልህ፤ ማኅተም ግን እዚህ የለ።»

እኔ አለቀ ብዬ መዝገቡን ልከድን ስል፣
«ጻፍ እንጂ» አለችኝ፣ «ያልታተመም ይጻፋል።
ማን መጣ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ተጠየቀ፣ ምን መለሰ፣
ማኅተሙ ስለ ምን ቀረ፤ ሳትጨምር፣ ሳታጎድል።»

ተራ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት።
ከጠዋቱ በነሱ አሥር፣ በኛ አራት ሰዓት።
እጄ ያደገበትን ቆጠራ አልረሳ፣
አራት ብሎ ጻፈው፤ ሽማግሌው ጎህ ሳይቀድ፣ በጨለማ ተነሣ።

ስርዝ ድልዝ የሌለው ይላል ያገሬ ማስታወቂያው፤
ምላጭ ፈለግሁና ቀስ ብዬ ልፍቀው።
ከኋላዬ ቆማ፣ «ተው፣ እንዳትነካው።
ቀጭን መስመር፣ አንድ፤ ሥሩ እንዲነበብ ተወው፤
ልኩን ከላይ ጻፍ፤ ፊርማህን ከጎኑ አኑረው።
የሠረዘ አንዴ ሳተ፤ የፋቀ ሁለቴ ነው።»
«በየትኛው ፊደል?» «በራስህ። ባንተው።»

ከኅዳጉ ላይ፣ በላቲን ተከብባ፣ አንዲት ዘ
በሁለት እግሯ ቆመች፤ ልቤም አብሯት ተያዘ።

አምስት ዓመት አለፈ። ኤርማኖ ሞተ። ውሻውም።
ቤቱ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሰው ማኅተም፣
መሸጡ ተሰማ። የእህቱ ልጅ ሉድሚላ
ከሰሰች፤ መዝገቡም ተጠራ፣ ከመደርደሪያው ከኋላ።

የልጁ ጠበቃ ጣቱን ቀሰረ፦
«ይኸው ተነካክቷል! ሰዓቱ ተቀየረ፤
ምኑ ነው መዝገቡ፣ የተሞነጫጨረ!»
ዳኛዋ መነጽሯን ዝቅ አርጋ አነበበች።
ከታች አራት አለ፤ ከላይ አሥር፤ ቀኑም አለ።
«ይህችስ ማናት?» አለች።

ተነሣሁ። «ፊደሌ ናት።»
«ምን ትባላለች?»
«ዘ። የስሜ መጀመሪያ።
ስሜ ዘለቀ።»
ባዳራሹ ውስጥ ቃሉ የገባው አልነበረም፤
ብቻዬን ፈገግ አልኩ፣ ብቻዬን ደንግጬም።

ፍርዱ ለሰኔ ተቀጥሯል፤ ምን እንደሚል አላውቅም።
ወይዘሮ ኦርሶላ አልጠየቀችኝም።
ማታ ገጽ ቆጥራ፣ መሳቢያውን ቆልፋ፣
ሁለቴ ስባ አየችው፤ ከዚያ መብራት አጠፋች።