ሳይታይ አይከደንም

ሐሙስ ጧት መጥተው ባንዲራ ተከሉ፤
ቢጫው ጋዝ፣ ቀዩ መብራት፣ ሰማያዊው ውሃ ነው፣ አሉ፤
ብርቱካኑ ስልክ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስረግጠው የኖርኩት ሣር
ከሥሩ ይሄ ሁሉ ኖሯል የሚላወስ ነገር።

ብሩክስ ላይ ውርጩ ምድር ይሰረስራል፣
ከሰው ቁመት በላይ ወርዶ ቧንቧ ይሰብራል፤
ስለዚህ ውሃው ከታች ይተኛል፣ መብራቱ ከላይ፤
ባንድ ቦይ ይኖራሉ፣ አንዱ አንዱን ሳያይ።
ይሄን ኑሮ አውቀዋለሁ።

ከደጄ እስከ ጋራዡ ሃያ ሁለት እርምጃ፤
ቆጥሬዋለሁ ባይኔ፣ ገልጬ መጋረጃ፣
አሰግድ ፍራሹን ተሸክሞ
በመጋቢት በረዶ ሲሻገር።
ዳኛ ፊት ተፋታን፤ ባንኩ ግን አላፋታንም፤
ሁለት ኪራይ የሚችል ደሞዝ ከሥጋ ፋብሪካ አይገኝም።
ሲፈንም “አባዬ ሩቅ አይሂድ” አለች፣
ጫማዋን እያየች።

ሁለት ወር በማራዘሚያ ኖረ፣ ከወጥ ቤቴ መስኮት በተንጠለጠለ፤
እሱ ሻይ ሲያፈላ የኔ መብራት ድርግም እያለ።
“ንቀይበት ገመዱን!” ያለችኝ አሰለፈች ናት።
ፈታሁት እንጂ፣ እኔ ብርሃን አልከለከልኩት።

ሮዴል፣ በፋብሪካው መስመር ከጎኔ የሚቆርጠው፣
ቅዳሜ ትንሽ ኤክስካቫተር ይዞ መጣ፣ ጓሮዬን ገለበጠው።
እኔ ባካፋ ጠርዙን አቀናሁ፣ አሰግድ አሸዋ አነጠፈ፤
ጠዋቱ በዝምታ አለፈ።
ከዚያ፦ “ያዢልኝ።” “ትንሽ ሳበው።” “ሙጫውን አቀብዪኝ።”
“ቶሎ በል፣ ይደርቃል።”
ከሦስት ዓመት ወዲህ ረጅሙ ወሬያችን ይሄ ነበር።

የፍሳሹ ቱቦ ወደኔ ቤት ያዘነብላል፤
በሜትር ሁለት ሳንቲም፤ ከዚያ ካነሰ ይታቆራል።
“አየሽ” አለ አሰግድ፣ ጭቃውን ከግንባሩ እየጠረገ፣
“ጉዴ ዛሬም ባንቺ በኩል ነው የሚወጣ።”
ሳቄ ሳላስበው መጣ።

መርማሪው ሰኞ እስኪደርስ አፈር መመለስ የለም፤
ሕጉ ነው፤ ሳይታይ አይከደንም።
ሁለት ሌሊት ጓሮው አፉን ከፍቶ አደረ፤
ዝናብ ጣለበት፣ የጎረቤት ድመት ገብታ ወጣች።
እኔ በመስኮቱ ቆሜ አሰብኩ፦
አሥራ አራት ዓመት እኛ ስንት ነገር ቀበርን፣
መርማሪ ሳንጠራ፣ በላዩ ሣር ዘራን።

ሚስተር ዶነሊ መጡ። ሜትር ዘርግተው ለኩ፣ በባትሪ አጮለቁ፤
የጋራዡን ሳጥን ከፈቱና ራሳቸውን ነቀነቁ።
“ተመላሹን ሽቦ ከምድሩ ጋር አስራችሁታል፤
በዋናው ቤት ይታሰራል፣ እዚህ ግን ይለያያል።
ደግሞ ይሄ ራሱን የቻለ ቤት ነው፤ የራሱ ዘንግ ያስፈልገዋል፤
መብረቅ ቢመጣ ወዴት ይሄዳል?”

ራሱን የቻለ ቤት።
አሰግድ ቃሉን ሁለት ጊዜ በአማርኛ ደገመው፣
ለኔ ይሁን ለራሱ እንጃ።

ማታውኑ ሁለት ዘንግ ገዛ፣ መዳብ የለበሰ፤
እኔ ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፣ እሱ መዶሻውን ነገሠ፤
ቢስት ጣቴን ነው።
አልሳተም።
ሦስት ሜትር ምድር ውስጥ ገባ፣ ድንጋይ ሲነካ እየጮኸ፣
ሲፈን ጆሮዋን ይዛ፣ ሌላ ጊዜ ሳንጣላ እንደምትይዘው ሳይሆን፣
እየሳቀች።

ሐሙስ ሚስተር ዶነሊ ተመልሰው ፈረሙ።
አፈሩን ግማሽ ሞልተን ቀይ ጥብጣብ ዘረጋን፣
“ተጠንቀቅ፣ ከሥር መስመር አለ” የሚል፣
ከኛ በኋላ እዚህ ለሚኖር፣ ለማናውቀው ቆፋሪ።
ከዚያ የቀረውን መለስን። ትንሽ ተረፈ፤
ሁልጊዜ ይተርፋል፣ አለ ሮዴል።

ሲመሽ ጋራዡ በራ። የኔ አምፖል ድርግም አላለም።
ማራዘሚያውን ጠቅልዬ ምስማር ላይ ሰቀልኩት፤
ለገመዱ ሲባል ሳይዘጋ የከረመውን መስኮት
ገፋሁት፤
ገጠመ።