የዱቤ ደብተር

ደብተሩን የገዛሁት ለሰው ዱቤ ነው፤
መቶ ገጽ፣ ሰማያዊ፣ ጥጉን አይጥ የቀመሰው።
ስኳር የወሰደ፣ ሳሙና የተበደረ፣
«ነገ እሰጥሻለሁ» ብሎ ድልድዩን የተሻገረ፣
ስሙ በግራው ገጽ፣ ብሩ በቀኙ አደረ።
ከአስረኛ ክፍል ወዲህ ከቁጥር በቀር
እጄ የጻፈው ነገር አልነበር።

ክረምት ነው። የጅማ ክረምት ደግሞ በዋዛ አያልፍም፤
ቆርቆሮው አንዴ ከጀመረ ዝም አይልም፤
ከአልጋ ሥር የረሳሁት ጫማ ሻግቶ ይነሳል፣
ግድግዳው ሳይቀር አረንጓዴ ላብ ያልበዋል።

በእንዲህ ያለ ቀን ሙዘሚል ባጃጁን በር ላይ አቆመና
የቲማቲም ጣሳ እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ቀና ሳይል ገና፣
«ሁለት ሊትር ዘይት ጻፊብኝ» አለ፣ «ይቺንም ያዢልኝ፤
አጋሮ ደርሼ ልምጣ፤ ከሰነበትኩ ውኃ አጠጪልኝ።»
ጣሳው ውስጥ ሦስት ቅጠል ያላት ሐረግ።
ሳቄ መጣ።

የአጥር እንጨት ተተክሎ ባደረ በማግስቱ
በሚያቆጠቁጥበት አገር፣ ካስማ ቅጠል በሚያወጣበት ከአናቱ፣
ሰው ደጁን ሲያጭድ፣ ከአረም ሲታገል በሚከርምበት፣
በጣሳ የሚተክል ማን አለ? ምን ጎድሎበት?

ከጨውና ከክብሪት መሃል አስቀመጥኳት።
ረሳኋት።

በአራተኛው ቀን፣ ደንበኛም መብራትም ጠፍቶ ሳለ፣
ከአንገቷ ሥር አንድ ነገር ቀና አለ፦
ሰው እንዳያይበት እንደተጠቀለለ ብር፣
ጥብቅ፣ ቀጭን፣ ለመፈታት የምታፍር።
እስክርቢቶው እጄ ላይ ነበር።
በቀኙ ገጽ፣ ገንዘብ በሚጻፍበት፣ እንዲህ አልኩ፦
«ዛሬ አራተኛዋ መጣች።» ከሥሩም ቀኑን አሰፈርኩ።

ከዚያ ወዲያ ደብተሩ ሥርዓቱን ለቀቀ፦

ረቡዕ። ተማም፣ ግማሽ ኪሎ ምስር። አልከፈለም።
ረቡዕ ማታ። ተፈታች። ጫፏ ላይ ጠብታ አለ፤ ከጣሪያው አይደለም።
ሐሙስ። ዘይት የለም። ዘይት ስለሌለ ስለ ዝናብ ልጻፍ፦
ከጅሬን ሲወርድ ቀድሞ ይሰማል፣ ባቄላ በሰፌድ ሲራገፍ።
አርብ። ቢጫ ሆነች፣ አንዷ።
ቅዳሜ። ሁለት። ውኃ ጨመርኩ።
እሑድ። ውኃ ጨመርኩ።
አለቀስኩ ማለት ያሳፍራል፤ አልጻፍኩም።

አዴ ሰዒዳ ለሻይ ቅጠል መጥተው አዩ።
ጣታቸውን እስከ አንጓው አፈሩ ውስጥ ከተቱ፣
አውጥተውም አሸተቱ።
«ይቺ ልጅ ተጠምታ አይደለም» አሉ፣ «ሰጥማ ነው።
የምትወጂውን ሁሉ እንዲህ ነው የምታጠጪው?»

መልስ አልነበረኝም።
ምስማር ፈልጌ የጣሳውን ቂጥ ሦስት ቦታ በሳሁ።
አምስት ቀን እጄን ከውኃ ከለከልኩ፤
ከዚያ የከበደ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ዳነች። ቆርጬ በጠርሙስ ውኃ አቆምኳት፣
የሽማግሌ ጢም የመሰለ ሥር አወጣች።
ጄሪካን በቢላ ከፈልኩ። ጨው ወደ ታች ወረደ፣
ክብሪት ወደ ጥግ ሄደ፣
በላይኛው መደርደሪያ ቅጠል ነገደ።
«ሱቅ ነው ጫካ?» ይሉኛል።
«ሳሙናው ከሐረጉ ጀርባ ነው፣ ገለጥ አድርጉ» እላለሁ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም።
የውጪው አረንጓዴ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሳይለምኑት ይበዛል፤
ይህ ግን ጠዋት መስኮት ስከፍት
ትናንት ካቆምኩበት ጥቂት ዞሮ ይጠብቀኛል።
ጥቂት ነው።
ያቺን ጥቂት ልጽፋት ነው በማለዳ የምነሳው።

ጥቅምት ላይ፣ ጭቃው ሲደርቅ፣ ሙዘሚል መጣ።
በክር ተስቦ መስኮቱን የዞረውን አየና
«የኔዋ የትኛዋ ናት?» አለ።
እኔስ መች አውቄ።
ደብተሩን ገለጥኩ፤ ስሙ አለ፣ ዘይቱም አለ፤
ብሩ ላይ ግን ጠብታ ወድቆ ሰማያዊ ደመና ሆኗል።
ሳቀ። አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ በላስቲክ ጠቀለልኩለት።
ሳይከፍል ሄደ።

ማታ ጻፍኩ፦
«ሙዘሚል። ሁለት ሊትር ዘይት፣ አንድ ቅርንጫፍ።
ይመልስ ይሆናል።
ካልመለሰም፣ ይብቀል።»