በእርሳስ ብቻ

ባቡር ከቀረበት ሠላሳ ዓመት ያልፋል፤
ጣቢያው ግን ሐሙስ ሐሙስ በሩ ይከፈታል።
ሙዚየም ነው አሁን። በረዶው ካልበዛ
ቶርቦርግ ትመጣለች ቁልፏን በጓንት ይዛ፣
ከአራት እስከ ዘጠኝ። ሰማንያ አንድ ዓመቷ፤
አቧራ ስትጠርግ አያማት ጉልበቷ።

ሜዳው ሳስካችዋን ነው፣ ዛፍ የማያቋርጠው።
ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ቁጥር የወጣለት፦
የሕፃን ጫማ፣ የግራ፣ ቀኙ የት እንደቀረ ያልታወቀ፤
ሦስት ጥርስ የወለቀ ኦርጋን፤
ከኖርዌይ በመርከብ የመጣ ሣጥን፣
ክዳኑ አበባ፣ ሆዱ የብርድ ሽታ፤
በመስኮቱ ሥር ማረሻው፣ የቅድመ አያቷ፣ የሃልቫር።

ሕጉ አንድ ነው፦ ቀለም ክልክል።
ከዕቃ አጠገብ የሚጻፍ በእርሳስ ብቻ ነው።
ስሙን ልብ በሉልኝ፤ «እርሳ» ይላል እርሳስ፣
ስንቱን ሲያስታውስ ኖሮ ቁመቱ እስኪያልቅ ድረስ።
ያረሰም ይረሳል፤ ይህን ታውቃለች፤
ለዚህ ነው ሐሙስ ሐሙስ እርሳስ የምትቀርጸው፣
«ይህን ምድር ያቀና የመጀመሪያው ሰው»
የሚለው ሲደበዝዝ ደግማ የምትጽፈው።

ባለፈው ሐሙስ ኢርማ ናፖፕ መጣች፣
ከወንዙ ማዶ፣ ከክሪዎቹ መንደር።
የልጅ ልጇ ሽንት ቤት ፈልጎ ነው የቆሙት።
እሱ ሮጦ ገባ። እሷ ደፉ ላይ ጎንበስ አለች፣
በሩን የሚይዘውን ድንጋይ አነሳች፣
ሃልቫር ሲያርስ ያወጣውን፣ ቁጥር የሌለውን፣
አርባ ዓመት ቶርቦርግ በእግሯ የምትገፋውን።
ወገቡን የዞረ ቦይ ነበረው፣ ልስልስ፤
አውራ ጣቷ ገባበት፣
ማታ ቤቱን እንደሚያገኝ ሰው።

«መዶሻ ነው» አለች። «ሥጋና ፍሬ ይወቀጥበታል።
ጠፍሩ እዚህ ጋ ይታሰራል።»
«ማን ሠራው?»
«እንጃ። ሴት ትሆናለች፤ ለእጄ ልክ ነው።»
ልጁ እጁን በሱሪው እያደረቀ መጣ። ሄዱ።

ቶርቦርግ ላጲስ ፈለገች፤ መሳቢያው ውስጥ ደርቆ አገኘችው።
«የመጀመሪያው» የሚለውን ፈገፈገች፣
ወረቀቱ ሳስቶ ብርሃን እስኪያሳልፍ።
ባዶውን ተወችው።

ድንጋዩ አሁን መደርደሪያ ላይ ነው። ቁጥሩ ሰባት መቶ አራት፤
ከ«ስም» ፊት ለፊት ያለው መስመር ክፍት።
በሩ ግን መያዣ አጣ፤ ንፋስ ይዘጋዋል፣
ተነሥታ ትከፍተዋለች። ይዘጋዋል፣
እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትነሣለች፣
ከአራት እስከ ዘጠኝ።