ጣት ያህል ክፍተት

ከሊዝበን ዳገት ላይ፣ ከጣራ ሥር ያለች፣
የቴልሞ ክፍል ናት፣ ሶኬት ያልታደለች።
አልጋውን አነሣ፣ ግድግዳ ዳሰሰ፣
ቀለሙን ፋቀና፣ እንደ ፍልፈል ማሰ።
ያከራየችው ሴት፣ ዶና ኤርሜሊንዳ፦
«ሳሎኔ አለልህ፣ አንድ የስልክ ቀዳዳ፤
ባሌ ካለፈ ወዲህ፣ ስልኬም ጠርቶ አያውቅ፤
ሽቦህን ዘርጋና፣ ከድመቴ ጠብቅ።»
ዐሥራ ስምንት ሜትር፣ የሽቦ ነጭ ሐረግ፣
ከምንጣፍ ሥር ገብቶ፣ በደረጃው ሲያርግ፣
በሩ አልገጥም አለ፣ ጣት ያህል ተረፈ፤
በዚያች ሽንቁር በኩል፣ ዓለም ተላለፈ።

ከዓለም ቀድሞ የገባው ግን የአሮጊቷ ሳል ነው፤
ሌሊት ስምንት ሰዓት ውኃ ይዞ ወረደ።

ዘንድሮ ያለ ሽቦ የሚሠራ መጣ።
ቴልሞ ሽቦውን አልጠቀለለም፤
በሩ ይዘጋላ።