የአንገት ልክ

ከካምፑ በር ማዶ፣ ጁፈይር ጉያ ውስጥ፣
ሦስት መኪና ይዘን (የስፌት ማለቴ ነው) ስንቀድ ስንለውጥ፣
ሱሪ ስናሳጥር፣ ማዕረግ ስንለጥፍ፣
ነሐሴ በላብ አጥቦን፣ በላብ ሲያልፍ፣
አንድ ወታደር ገባ።
ጢሙ ከአገጩ ሥር ተጠቅልሎ ታስሮ፣
ራሱ ላይ ጥቁር ጨርቅ በልክ ተጠምጥሞ፣
በብብቱ ደግሞ ሌላ አምስት ሜትር፣
አሸዋ የመሰለ፣ ዝንጉርጉር።
"ጠርዙን ቀምቅሙልኝ፤ በየማለዳው ሳስረው
እየተተረተረ አስቸገረኝ።"

ስሙ ደረቱ ላይ ተሰፍቷል፦ ሲንግ።
ማስተር ራጋቫን መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ
"ፈቃድ አለህ?" አለው፣ በቀልድ ይመስለኛል።
ሰውዬው አልሳቀም።
ከደረት ኪሱ በላስቲክ የታሸገ ወረቀት አወጣ፣
አራት የታጠፈ፣ ማኅተም ያረፈበት፣
አሥራ አራት ወር የተጠበቀ።

ማስተር በዓረብኛ እየሰባበረ ነገረኝ።
ጢሙ ከሁለት ኢንች አይለፍ፣
ጥምጥሙ ከልብሱ ቀለም ይስማማ፣
የጋዝ ጭምብል የሚጠለቅበት ቀን ከመጣ
ፈቃዱ ይነሣል።
ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሰማሁ።
ልክ መውሰድ ሥራዬ ነው፤ ወገብ፣ ደረት፣ ክንድ፤
የሰው አምላክ በኢንች ሲለካ ግን
ያን ቀን አየሁ።

የመጀመሪያ ቤቴ ሪፋ ነበር።
ነጭ ኮሌታ ያለው ሰማያዊ ቀሚስ ሰጠችኝ ማዳሜ፣
"ዩኒፎርምሽ" ብላ። ጸጉሬን በሻሽ አሰረች፣
ጥፍሬን አየች፣
ከዚያ አንገቴ ላይ ደረሰች።
"ምንድን ነው?"
"ማተብ" አልሁ። ዓረብኛው አልነበረኝም።
"ክር ነው" አለች ለራሷ፣ "እድፍ ይይዛል፤"
የዓሣ ክንፍ በምትቆርጥበት መቀስ
ቀጭ።
ክፉ ሴት አልነበረችም። ወባ የጣለኝ ሰሞን
በሌሊት ተነሥታ ሾርባ አጠጥታኛለች።

በእኛ አገር ማተቡን የበጠሰ ማለት
ቃሉን የበላ፣ የካደ፣ የማይታመን ነው።
የተቆረጠበትስ?
ብዙ አሰብሁ። ቃል የለንም ለእሱ።

ማታ ከሽንኩርት ልጣጭ ሥር አወጣሁት፣
በቀሚሱ እጥፋት፣ ከጉልበቴ በታች፣
በተበደርሁት መርፌ ሰፍቼ ደበቅሁት።
በዚህ አገር መጀመሪያ የሰፋሁት እሱን ነው።
ወለል ልወለውል ስንበረከክ ይቆረቁረኛል።
ቤቱን ስለቅ ቀሚሱን መልሱ ተባልሁ፤
እጥፋቱን ለመተርተር አልደረስሁም።
ከዚያ ወዲህ አላሰርሁም፤
ማን እንደከለከለኝ አላውቅም።

አምስት ሜትር ብዙ ጨርቅ ነው።
ጫፉ በሩ ጋ ደረሰ። ሲንግ ያዘልኝ፣
ቀጥ አድርጎ፣ መሬት እንዳይነካ፣
ባንዲራ እንደሚያጥፍ ሰው።
መርፌዋ ስትሮጥ ጠየቅሁት፦
"ወረቀቱ ቢጠፋስ?"
"ኮፒ አለኝ።"
"ኮፒውስ?"
ሳቀ። ልጅ ነው ለካ።
"እናቴ ጋ አንድ አለ፤ ፍሪጅ ላይ ለጥፋዋለች።"
"ጋዙስ ቢመጣ?"
መኪናዋ ጮኸች። አልመለሰልኝም፤
ወይ አልሰማኝም።

ሁለት ዲናር ከፈለ። ደረሰኙ ላይ ስሜን አይቶ
"እንጉዳይ ምን ማለት ነው?" አለኝ።
"ዝናብ ሲጥል፣ ማንም ሳይዘራው የሚበቅል።"
ጨርቁን ደረቱ ላይ አቅፎ ወጣ፤ ሙቀቱ ዋጠው።

ማስተር ለሻይ ሲወርድ
የትእዛዝ መዝገቡን ገለጥሁ፣ ከሲንግ ስም ሥር፦
እንጉዳይ። ክር፣ ጥቁር። ርዝመት፦
ሜትሬን አወረድሁ፣ መልሼ አንገቴን ዞርሁበት፣
እንዳያንቀኝ አንድ ጣት አሳልፌ፤
ሠላሳ አራት ሴንቲ።
"ፈቃጅ" የሚል ዓምድ መዝገባችን የለውም።
"መረከቢያ ቀን" የሚል አለው፤
እሱ ላይ ስደርስ
ብዕሩ ትንሽ ቆመ።