ማሰሮው የት ተሰቀለ?

ቬላፓን ሠላሳ ዓመት ኮኮናት ላይ ወጥቷል፤
ያልፈነዳ አበባ በጎሽ አጥንት መቷል፣
ቀስ እያለ፣ ደጋግሞ፣ ልጅ እንደሚያባብል፤
ጫፉን በስለት ሸርፎ ማሰሮ ሲሰቅል
አንድ ነገር ያውቃል፦
ሳይለሰልስ አበባው ቸኩለህ ብትቆርጠው፣
ጠብታ አይሰጥህም፣ ይደርቃል ጉሮሮው።

ከየማሰሮው ቀምሷል። መቅመስም ሥራው ነው።
ጠዋት ማር የነበረው ማታ እሳት የሆነው።

በአላፑዛ ቦይ ዳር፣ ዝናቡ ሳያባራ፣
አንድ ሌሊት ከሆዱ ጀርባው ድረስ ወጋው፣ እንደ ካራ።
ጉልበቱን ታቅፎ አደረ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፤
ሲነጋ በሩዝ ጀልባ ሄደ፣ በጆንያ መሀል፣ ሐኪም ቤት ሊደርስ።

እኛ "ቆሽቴ አረረ" ስንል
በአማች ነው፣ በጎረቤት፣ ባልተከፈለ ብድር፤
የሱ ግን እውነት አረረ። ቆሽቱ ራሱን በላ።
ሥጋ የሚፈጭ ጭማቂ፣ መውጫው ተዘግቶ፣
የገዛ ቤቱን ፈጨ፣ ሌላ እህል አጥቶ፤
እሳቱ ሲበርድ ደግሞ፣ ከጨጓራው ኋላ
አንድ ከረጢት ቀረ፣ ውሃ የሞላ።
የራሱ ቆዳ የለው፤
ከጨጓራ አንድ ጎን፣ ከአንጀት አንድ ጎን ተበድሮ ያቆመው
የጭሰኛ ጎጆ።

"ቁረጭልኝ" አላት።
"ገና ነው" አለች ዶክተር አሌያማ፣ ፊልሙን ለብርሃን አንሥታ፤
"ስስ ነው፣ ክር አይችልም፤ ይቀደዳል ባንድ አፍታ።
ስድስት ሳምንት ይወፍር።"
የአጠገቡ አልጋ በሽተኛ በሱ ፈንታ ተቆጣ፤
ቬላፓን ግን ሳቀ፣ የሚያውቀው ነገር መጣ።

ጠበቀ። ሚስቱ ካርትያያኒ ቅባት የሌለው የሩዝ አጥሚት
በሁለት ጀልባ ተሻግራ ስታመጣለት፣
ሦስት ማንኪያ ይውጣል፤ አራተኛውን ከረጢቱ ይገፋል።
ከአሥራ ሰባት ዛፎቹ የአምስቱ አበባ ደረቀ አሉት።
ሰማ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤
ያን ቀን፣ በኛም ቋንቋ፣ ቆሽቱ አረረ።

በአርባ አራተኛው ቀን
ጨጓራውን ከፊት ከፈተች፤ በውስጡ አልፋ፣ በኋለኛው ግድግዳ
መርፌ ሰደደች። የከረመ ሻይ የመሰለ ውሃ መጣ።
ከዚያ ምላጭ። ሦስት ጣት የሚያሳልፍ በር።
የከረጢቱን አፍ ከጨጓራው ጀርባ ጋር
ዙሪያውን ሰፋችው፣ እየሳበች፣ እየቋጠረች፤
ነርሷ ላቧን ስትጠርግላት አንዴ ብቻ ቀና አለች።

ሲነቃ የመጀመሪያ ጥያቄው፦ "ማሰሮውስ? የት ሰቀልሽው?"
"እዚያው ከራስህ ውስጥ" አለችው።
"ወደ ጨጓራህ ይንጠባጠባል፤
ጎጆው ባዶ ሲሆን ግድግዳው ይሰበሰባል።"
ስፌቱን አሳይታው ብዙ አየ። አጎንብሶ።
"እጅሽ ደህና ነው" አላት፤ ለማንም ብሎት አያውቅም።

መጠጥ ለዘላለም ክልክል፣ ዛፍ ለጊዜው ክልክል።
አሁን ማታ ማታ ከዛፉ ሥር ቆሞ፣
መዳፉን ከጠባሳው ላይ አድርጎ፣
ከላይ የልጁ አጥንት አበባ ሲመታ ይሰማል።
"ቀስ!" ይላል። "ገና ነው!"
ልጁ አይሰማም። ከፍታው ላይ ነፋስ አለ።